ያረጀው መዝገብ፦ የቺሊ ወጣቶች ከምርጫ የራቁበትና የተመለሱበት መንገድ

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ወጣቶች ከታላላቆቻቸው ያነሰ ድምፅ ይሰጣሉ የሚለው ስሞታ በብዙ አገሮች ይሰማል፤ ምክንያቱ ሲጠየቅም የሚቀርበው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ወጣቱ ለፖለቲካ ግድ የለውም። ይህን መልስ በተግባር ለመፈተን የሚያስችል ጉዳይ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። የአንድን አገር ወጣቶች ከሌላው ጋር ስናነጻጽር ታሪኩም፣ ፓርቲዎቹም፣ የኑሮው ደረጃም አብረው ስለሚለያዩ፣ ልዩነቱን ያመጣው ሕጉ ይሁን የሰዉ ጠባይ መለየት ያስቸግራል።

የቺሊ ጉዳይ ይህን ችግር በከፊል ያቃልላል። አገሪቱ ከ1987 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ውስጥ የመራጭነት ደንቧን በሦስት መልክ ሞክራለች። በመጀመሪያው ደንብ መመዝገብ በፈቃድ፣ የተመዘገበ ሰው ድምፅ መስጠቱ ግን በግዴታ ነበር። በሁለተኛው ምዝገባው አውቶማቲክ ሆኖ ድምፅ መስጠት በፈቃድ ሆነ። በሦስተኛው ደግሞ ምዝገባው አውቶማቲክ እንደሆነ ቀርቶ ድምፅ መስጠት እንደገና ግዴታ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ በሂደቱ የተሳተፉ ሰዎች በስም አልተጠቀሱም፤ ትኩረቱ በደንቦቹና በውጤታቸው ላይ ነው።

መነሻው

በመስከረም 1973 በተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ ምክር ቤት የመራጮችን መዝገብ ዋጋ እንዳይኖረው አድርጎ አስወገደው፤ መዝገቡም ተቃጠለ። በ1980 አዲሱ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ አገሪቱ ምንም የመራጮች መዝገብ አልነበራትም፤ ድምፁ የተሰጠው ያለ መዝገብ ነው። ያ ሕገ መንግሥት ግን ወታደራዊው ገዥ በሥልጣኑ ይቀጥል ወይስ አይቀጥል የሚል ሌላ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ያስገድድ ስለነበር፣ ለዚያ ዝግጅት በ1987 አዲስ መዝገብ ተከፈተ።

ተቃዋሚዎች መጀመሪያ ላይ አመነቱ። አገዛዙ ባዘጋጀው መዝገብ ላይ መስፈር አገዛዙን መቀበል አይሆንም ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯቸዋል። በመጨረሻ ግን ሰውን ማስመዝገብ ራሱን የቻለ የትግል ሥራ ሆነና በየሰፈሩ ቅስቀሳው ተጧጧፈ። በጥቅምት 5 ቀን 1988 ከ7.4 ሚሊዮን ተመዝጋቢዎች ውስጥ 97 በመቶ የሚሆነው ወጥቶ ድምፁን ሰጠ፤ ዋጋ ካላቸው ድምፆች ወደ 56 በመቶ የሚጠጋውን ያገኘው «አይቀጥል» የሚለው ምርጫ ነበር። በዚያ ጊዜ ከመዝገቡ ላይ ከሰፈሩት ሰዎች ከሲሶው በላይ የሚሆኑት ከ30 ዓመት በታች ነበሩ።

ይህ የመጨረሻው አኃዝ ልብ ሊባል ይገባል። አንድ ትውልድ በወጣትነቱ የሰጠው ድምፅ የአገሩን መንግሥት ሲለውጥ በዓይኑ አይቷል። ከዚያ በኋላ የመጡት ወጣቶች በሙሉ ሲለኩ የኖሩት በዚህ ትውልድ ቁመት ነው፤ ለኔ እንደሚመስለኝ ይህ መለኪያ ገና ከመጀመሪያው ፍትሐዊ አልነበረም፤ የ1988ቱ ዓይነት ድምፅ በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ቢገጥም ነው።

ችግሩ

በ1987 የተዘረጋው ደንብ ከሕዝበ ውሳኔው በኋላም ባለበት ቀጠለ። አንድ ዜጋ 18 ዓመት ሲሞላው መመዝገብ ይችላል እንጂ አይገደድም። አንድ ጊዜ ከተመዘገበ ግን ከመዝገቡ በፈቃዱ መውጣት አይችልም፤ በእያንዳንዱ ምርጫ ድምፅ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ በአካባቢ ዳኛ ፊት ቀርቦ ሊቀጣ ይችላል። የመመዝገቢያ ጽሕፈት ቤቶቹም ሁልጊዜ ክፍት አልነበሩም፤ የሚሠሩት በየወሩ መጀመሪያ በጥቂት የሥራ ቀናት ብቻ ሲሆን፣ ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ ምዝገባው ጭራሽ ይዘጋል። የምርጫው ወሬ ሲሞቅና ወጣቱ ልመዝገብ ብሎ ሲነሣ በሩ ተዘግቶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነበር።

ይህን ደንብ በአንድ የ18 ዓመት ወጣት ዓይን ማየት ተገቢ ነው። ወጣቱ የሚጠየቀው በቀጣዩ ምርጫ ትመርጣለህ ወይ ተብሎ አይደለም። የሚጠየቀው፣ ገና በማያውቃቸው እጩዎች መካከል፣ ገና ባልታወጁ ምርጫዎች፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ፣ በቅጣት እየተጠበቀ ድምፅ ለመስጠት ዛሬ ትፈርማለህ ወይ ተብሎ ነው። በ1988 የተመዘገቡት ይህን ውል የፈረሙት የሚያስፈርም ጉዳይ ስለነበራቸው ነው። በ1995 ወይም በ2005 ዓ.ም. 18 ዓመት የሞላው ወጣት እንዲህ ያለ ጉዳይ አልነበረውም፤ ውሉ ግን ያው ነበር።

ፉክክሩም የሚጋብዝ አልነበረም። ከ1989 ጀምሮ ለምክር ቤት የተደረጉት ምርጫዎች በየምርጫ ክልሉ ሁለት ሁለት መቀመጫ ብቻ በነበረው ሥርዓት ይመሩ ነበር። አንድ ጥምረት ሁለቱንም መቀመጫ ለመውሰድ ከተከታዩ ጥምረት እጥፍ ድምፅ ማግኘት ነበረበት፤ ይህ ደግሞ እምብዛም ስለማይሆን፣ ሁለቱ ትልልቅ ጥምረቶች በአብዛኛው ክልል አንድ አንድ መቀመጫ ተካፍለው ይገቡ ነበር። ውጤቱ አስቀድሞ የሚገመት ምርጫ ላይ ለመሳተፍ የዕድሜ ልክ ግዴታ መግባት ብዙ ወጣቶች ያልገዙት ሸቀጥ ነው።

የተከተለው ነገር ቀስ በቀስ የመጣ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ አላስደነገጠም። በ1988 የነበረው 7.4 ሚሊዮን ተመዝጋቢ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ምርጫ፣ 8.3 ሚሊዮን ብቻ ደረሰ፤ በዚያው ጊዜ ዕድሜያቸው ለመምረጥ የደረሰ ግን ያልተመዘገቡ ሰዎች ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። በ1988 ከመዝገቡ ከሲሶ በላይ የነበረው ከ30 ዓመት በታች ያለው ክፍል በ2009 ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። መዝገቡ ከነባለቤቶቹ አረጀ ቢባል አነጋገር ለማሳመር አይደለም፤ በ1988 በ20 ዓመታቸው የተመዘገቡት በ2009 የ41 ዓመት ጎልማሶች ነበሩ፤ ከሥራቸው የሚተካ ግን አልመጣም።

ችግሩ ሳይታይ የቆየበት አንዱ ምክንያት የአለካክ ጉድለት ነው። በ2009 ምርጫ ከተመዘገቡት 87 በመቶ ገደማ ድምፅ ሰጥተዋል። ይህን አኃዝ ብቻ የሚያነብ ሰው ጤናማ ዴሞክራሲ ያያል። ለፓርቲዎቹም የታወቀ፣ የተቆጠረ፣ ግዴታውን አክብሮ የሚመጣ መራጭ መኖሩ የሚመች ነገር ነበር፤ ያልተመዘገበውን ወጣት ፍለጋ የሚወጡበት አስቸኳይ ምክንያት አልነበራቸውም።

ያልተመዘገቡት ወጣቶች ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም። ዋና ከተማዋን ሳንቲያጎን በሚመለከቱ ጥናቶች እንደታየው በሀብታም ሰፈሮች ያሉ ወጣቶች ከድሃ ሰፈሮቹ ይልቅ በብዛት ይመዘገቡ ነበር። ስለዚህ «የወጣቶች ችግር» ተብሎ የተጠራው ነገር ግማሽ ፊቱ የኑሮ ደረጃ ችግር ነበር።

ግድየለሽነትን በሚመለከትም ማስረጃው በተቃራኒው ይናገራል። በ2006 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ትምህርት ጥራት ትምህርት ቤቶቻቸውን ተቆጣጥረው አደባባይ ወጡ፤ በጥቁርና ነጭ የደንብ ልብሳቸው ምክንያት እንቅስቃሴው በፔንግዊን ተሰየመ። በ2011 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነፃ ትምህርት ጠይቀው ለወራት መንገዶችን ሞሉ። ለፖለቲካ ግድ የለውም የተባለው ትውልድ የመንግሥትን አጀንዳ በመንገድ ላይ ሲወስን፣ በመራጮች መዝገብ ላይ ግን ስሙ አልነበረም።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ አውቶማቲክ ምዝገባ

በ2009 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፤ ዝርዝር ሕጉም በጥር 2012 ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ዜጋ 18 ዓመት ሲሞላው፣ ራሱ ማመልከቻ ሳያቀርብ፣ ስሙ ከሲቪል መዝገብ ወደ መራጮች መዝገብ ይዛወራል። ከዚሁ ጋር ግን ድምፅ መስጠት በፈቃድ ሆነ። ሁለቱ ለውጦች በአንድ ጥቅል የመጡት በድርድር ነው፤ አንዱ ወገን አውቶማቲክ ምዝገባን ሲፈልግ ሌላው ያለ ፈቃዱ የተመዘገበን ሰው በግዴታ ድምፅ ማሰጠት አይገባም ይል ነበር። ያ ክርክር ለመብት ተቆርቋሪነት የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ለጥናት ግን አስቸጋሪ ሁኔታ ፈጥሯል፤ አንዱ ደንብ ተሳትፎን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች በአንድ ቀን ሲገፉ የእያንዳንዱን ጉልበት ለይቶ ማየት አይቻልም።

ተስፋው ትልቅ ነበር። ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ስሞች በአንድ ጊዜ ሲጨመሩ መዝገቡ 13.4 ሚሊዮን ደረሰ። ፓርቲዎች ወጣቱ መጥቶ ሚዛኑን ይገለብጣል ብለው ፈሩ፤ ተስፋ ያደረጉም ነበሩ።

በጥቅምት 2012 በተካሄደው የከንቲባዎችና የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ የመጣው 5.8 ሚሊዮን ሰው፣ ማለትም ከተመዘገበው 43 በመቶ ገደማ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በተደረገው ተመሳሳይ ምርጫ፣ በአሮጌው ደንብ፣ ወደ 7 ሚሊዮን ሰው ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የመቶኛ ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ በተጨባጭ የሰው ቁጥር ራሱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀነሰ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አዲሱ መዝገብ ከሲቪል መዝገብ በጅምላ የተገለበጠ በመሆኑ፣ የሞቱና በውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች ስም ነበረበት፤ በ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት ዕለት የሞቱት ፕሬዝዳንት ስም ሳይቀር በ2012 መዝገብ ላይ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ መዝገብ አካፋዩን፣ ማለትም መቶኛው የሚሰላበትን የተመዝጋቢ ብዛት፣ ስለሚያሳብጠው የተሳትፎውን መቶኛ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ቢሆንም ስሕተቱን ብናርመውም የወደቀው ሰው ቁጥር አይመለስም።

ሁለት ነገሮች አብረው ተከስተዋል። በአሮጌው ደንብ ቅጣት ፈርተው ሲመጡ የነበሩ ጎልማሶች ግዴታው ሲነሣ ቤታቸው ቀሩ፤ አዲስ የገቡት ወጣቶች ደግሞ የነሱን ቦታ የሚሞላ ያህል አልመጡም። ከምርጫው በፊት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ድርጅት «ድምፄን አላውስም» የሚል ቅስቀሳ አካሂዶ ነበር፤ ይህም አለመምረጥ ለአንዳንዶቹ ስንፍና ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ አቋም እንደነበረ ያሳያል። ቅስቀሳው የምን ያህል ሰው ውሳኔ እንደለወጠ መናገር አይቻልም። ያም ሆኖ የተማሪዎቹ መንገድ አንድ ብቻ አልነበረም፤ በቀጣዩ ዓመት አራት የቀድሞ የተማሪ መሪዎች ተወዳድረው የተወካዮች ምክር ቤት ገብተዋል።

ቁልቁለቱ በዚያ አልቆመም። በ2013 የፕሬዝዳንት ምርጫ በመጀመሪያው ዙር 49 በመቶ፣ በሁለተኛው ዙር 42 በመቶ ገደማ፤ በ2016ቱ የከንቲባዎች ምርጫ ደግሞ 35 በመቶ ገደማ ብቻ ወጣ። በ2017 በሃያዎቹ መጀመሪያ ካሉት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ድምፅ ሲሰጥ፣ በስድሳዎቹ ካሉት ከግማሽ በላይ ይሰጡ ነበር። የሰፈር ልዩነቱም ጎልቶ ወጣ፤ በሳንቲያጎ እንደ ቪታኩራ ያሉ ባለጸጋ ወረዳዎች እንደ ላ ፒንታና ያሉትን ድሃ ወረዳዎች በሰፊ ርቀት ይበልጡ ነበር።

ይህን እርምጃ ሙሉ በሙሉ ከሸፈ ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በ2009 ከመዝገቡ አሥር በመቶ እንኳ ያልሞላው ወጣት አሁን ሙሉ በሙሉ በመዝገቡ ውስጥ አለ፤ በዝቅተኛ ተሳትፎም ቢሆን ድምፅ ከሰጡት መካከል ያለው ድርሻ ከቀድሞው ከፍ ብሏል። ከሁሉ በላይ በሩ ተከፈተ፤ አንድ ቀን መውጣት ቢፈልግ የሚያግደው ጽሕፈት ቤት የለም። ይህ ጥቅም ስምንት ዓመት ያህል ተኝቶ ቆየና በ2020 ታየ።

በመካከሉ የተወሰዱ ሌሎች እርምጃዎች

በ2015 የሁለት መቀመጫው ሥርዓት ተሽሮ መቀመጫ እንደ ድምፁ ብዛት በሚከፋፈልበት በተመጣጣኝ ውክልና ተተካ፤ በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራበት ከተማሪው እንቅስቃሴ የወጣው አዲስ ጥምረት 20 መቀመጫ አገኘ። ፉክክሩ መከፈቱ ተሳትፎውን ወዲያው አላሳደገውም፤ ወጣቱ የሚመርጠው ሰው አገኘ እንጂ ወጥቶ የመምረጥ ልማድ በአንድ ምርጫ አልተተከለም። በ2016 ትምህርት ቤቶች የዜግነት ትምህርት ዕቅድ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ በመጨረሻዎቹ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የገባው ግን ከ2020 ጀምሮ ነው። የዚህን ውጤት ከሌሎቹ ለይቶ መመዘን ስለማይቻል እዚህ ላይ ብይን አልሰጥበትም።

ከመንገድ ወደ ምርጫ ጣቢያ

በጥቅምት 2019 በሳንቲያጎ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ የ30 ፔሶ ጭማሪ ተደረገ። ተማሪዎች የመግቢያ በሮቹን እየዘለሉ ያለ ክፍያ መሳፈር ጀመሩ፤ ነገሩ በቀናት ውስጥ አገር አቀፍ ቁጣ ሆነ። በኅዳር አጋማሽ ፓርቲዎቹ አዲስ ሕገ መንግሥት ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚል ሕዝበ ውሳኔ ለማድረግ ተስማሙ።

ሕዝበ ውሳኔው በወረርሽኙ ምክንያት ተላልፎ በጥቅምት 2020 ሲካሄድ 51 በመቶ ገደማ ወጣ፤ ድምፅ ከሰጡት 78 በመቶው ይጻፍ አሉ። አገር አቀፉ መቶኛ ትልቅ ዝላይ አይመስልም። በውስጡ ግን ሁለት ተቃራኒ እንቅስቃሴዎች ተሸፍነዋል፤ አረጋውያን በሽታውን ፈርተው ሲቀሩ፣ ከ30 ዓመት በታች ካሉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መጡ። ያው ሕግ፣ ያው መዝገብ፣ ያው ምርጫ ጣቢያ፤ የተለወጠው ጥያቄው ነበር። ከዚህ ጉዳይ ውስጥ ለግድየለሽነት ትርጓሜ ከባዱ ተቃራኒ ማስረጃ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም መነሣሣቱ አልጸናም። በግንቦት 2021 ሕገ መንግሥቱን የሚጽፉት ሰዎች ሲመረጡ ተሳትፎው 43 በመቶ ገደማ ነበር። ከወር በኋላ በአብዛኞቹ ክልሎች በተደረገው የአስተዳዳሪዎች ሁለተኛ ዙር ምርጫ ከ20 በመቶ በታች ወረደ። ብዙ ሰው የአስተዳዳሪው ሥልጣን ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ ሥልጣኑ አዲስ ነው፣ ምርጫው የመጀመሪያ ነው፣ ቀኑም ሌላ ምርጫ ካለፈ ከወር በኋላ የመጣ ነው። ከዚያ በታኅሣሥ 2021 የፕሬዝዳንት ምርጫ ሁለተኛ ዙር ላይ ሁለት በጣም የተራራቁ እጩዎች ሲገናኙ 55.6 በመቶ ወጣ፤ በሁለቱ ዙሮች መካከል ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተጨመረ፤ ጭማሪውም በተለይ ከ30 ዓመት በታች ባሉ ሴቶች ዘንድ ታይቷል። ያሸነፈው ከተማሪ መሪዎቹ አንዱ ሲሆን፣ በ36 ዓመቱ ሥልጣን ተረከበ።

በዚያ ቀን በሳንቲያጎ የሕዝብ አውቶቡስ ጠፋ የሚል ቅሬታ በሰፊው ተሰምቷል። ቅሬታው የፖለቲካ ክርክር ቢያስነሣም አንድ ነገር አስታውሷል፦ መምረጥ ለፈለገ ሰው እንኳ ከቤቱ እስከ ሣጥኑ ያለው መንገድ አንድ ዋጋ ነው፤ መኪና ለሌለው ወጣት ደግሞ ዋጋው ይበዛል።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ግዴታው ተመለሰ

አዲሱ የሕገ መንግሥት ረቂቅ በመስከረም 4 ቀን 2022 ለሕዝብ ሲቀርብ ድምፅ መስጠት ለዚያ ቀን ግዴታ ተደርጎ ነበር። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው በገንዘብ ይቀጣል፤ የታመመ ወይም ከምርጫ ጣቢያው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ ሰው ግን ይህን አሳውቆ ከቅጣት ይድናል። የምርጫ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱም ሌላ ብዙ ያልተወራለት ሥራ ሠራ፤ የመራጮችን አድራሻ በካርታ ላይ አሳርፎ በተቻለ መጠን ለቤታቸው ቅርብ ወደ ሆነው ጣቢያ መደባቸው።

13 ሚሊዮን ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ይህም 86 በመቶ ገደማ ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት ከተደረገው የፕሬዝዳንት ምርጫ ጋር ሲነጻጸር 4.6 ሚሊዮን ያህል ሰው ተጨምሯል። በዕድሜ ክልሎች መካከል የነበረው ልዩነት እጅግ ጠበበ፤ በሰፈሮች መካከል የነበረውም እንዲሁ። ረቂቁን 62 በመቶው ውድቅ አደረገው፤ በፈቃድ በተደረጉት ምርጫዎች ያሸነፉት ወገኖች የአገሩን ሐሳብ ምን ያህል አዛብተው አንብበውት እንደነበር በአንድ ሌሊት ታየ። በጥር 2023 ግዴታው በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቋሚ ሆነ፤ አውቶማቲክ ምዝገባውም እንዳለ ቀጠለ።

በግንቦት 2023 ለሁለተኛው የሕገ መንግሥት ሙከራ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት አባላት ሲመረጡ ተሳትፎው አሁንም ከፍተኛ ነበር። ነገር ግን ከሣጥኑ ከወጡት ወረቀቶች 17 በመቶ ገደማ ዋጋ አልባ፣ ሌላ 4.5 በመቶ ገደማ ደግሞ ባዶ ነበሩ። ከአምስቱ መራጮች ከአንድ በላይ ወጥቶ፣ ተሰልፎ፣ ፈርሞ፣ ማንንም ሳይመርጥ ተመለሰ ማለት ነው። በመስከረሙ ሕዝበ ውሳኔ የሁለቱ ድምር 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ያኔ ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ በግንቦቱ ሕዝቡ በሂደቱ ታክቷል፤ እጩዎቹን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በታኅሣሥ 2023 ሁለተኛው ረቂቅም 56 በመቶ ገደማ በሆነ ድምፅ ሲወድቅ፣ ጥያቄው እንደገና «እሺ ወይስ እምቢ» ስለነበር ዋጋ አልባና ባዶ ድምፆቹ ወደ 5 በመቶ ገደማ ወርደዋል።

የቅጣቱ ነገር ግን ሳይረጋጋ ቆየ። ግዴታውን በሕገ መንግሥት መጻፍ አንድ ነገር ሲሆን፣ የማይመጣውን ሰው ስንት ይቀጣ፣ ማን ይቀጣ የሚለው ዝርዝር ሕግ ሌላ ነው፤ ይህም በምክር ቤቱ ምርጫ በመጣ ቁጥር አከራካሪ ሆኗል። እያንዳንዱ ወገን ቅጣቱን የሚደግፈው ወይም የሚቃወመው የሚመጣው መራጭ የማን ነው ብሎ በሚገምተው ልክ መሆኑ ከውጭ ለሚያይ ሰው አይሰወርም።

ለሌላ ቦታ የሚጠቅመው

ስለ ወጣቶች ተሳትፎ የሚነጋገር ማንም ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አካፋዩ ምንድን ነው ብሎ ነው። ቺሊ በ2009 በ87 በመቶ ተሳትፎዋ ታማ ነበር፤ በ2012 በ43 በመቶ ተሳትፎዋ ደግሞ በሽታዋ ከነበረው የባሰ መስሎ ታየ። ከተመዘገበው ስንት፣ ዕድሜው ከደረሰው ስንት፣ በሰው ቁጥርስ ስንት የሚሉት ሦስት አኃዞች ጎን ለጎን ካልቀረቡ አንዱ ብቻውን ያሳስታል። ከዚህም ጋር ወጣትን በዕድሜ ብቻ መለየት በቂ አይደለም፤ የቺሊን ክፍተት ያሰፋው ዕድሜና የኪስ ሁኔታ ሲደራረቡ ነበር። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተዘጋጀ ቅስቀሳ ትምህርቱን አቋርጦ ቀን ሥራ የሚሠራውን የ22 ዓመት ወጣት ላይነካው ይችላል።

እንቅፋትን ማንሣት አስፈላጊ ነው፤ ውጤቱን ግን በሚቀጥለው ምርጫ መጠበቅ አይገባም። አውቶማቲክ ምዝገባ ባይኖር ኖሮ በ2020 የመጡት ወጣቶች የምዝገባ ጊዜ ተዘግቶ ያገኙት ነበር። በ2012ና በ2016 ውጤት ብቻ ተመዝኖ «አልሠራም» ተብሎ ቢሻር ኖሮ ይህ አይታይም ነበር። ሁለት ተቃራኒ ጉልበት ያላቸውን ለውጦች በአንድ ቀን ማስጀመር ግን ለሌላ አገር የሚመከር አይደለም፤ ምዝገባው ቀድሞ፣ የግዴታው ጥያቄ አንድ ወይም ሁለት ምርጫ ቆይቶ ቢመጣ ኖሮ ቺሊ ምን እንዳገኘችና ምን እንዳጣች ለይታ ታውቅ ነበር።

ግዴታን በሚመለከት አስተያየቴ ድብልቅ ነው። በዕድሜና በሰፈር መካከል ያለውን ክፍተት በአንድ ቀን ያጠበበ ሌላ መሣሪያ በዚህ ጉዳይ ውስጥ አልታየም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ፓርቲዎችም ከእንግዲህ ወደ ድሃ ሰፈሮችና ወደ ወጣቶች ሳይወጡ ማሸነፍ ይከብዳቸዋል። በሌላ በኩል ግዴታው ሰውን እስከ ሣጥኑ ያደርሳል እንጂ ከሣጥኑ ፊት ምን እንደሚያደርግ አይወስንም። በ1988ም፣ በ2020ም፣ በ2022ም ሰው አጥርቶ ያየው ጥያቄ ቀርቦለት ነበር፤ በሰኔ 2021 እና በግንቦት 2023 ግን አልነበረም። ምርጫዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ሲደራረቡ፣ የሚመረጠው ሰው ሥልጣን ሳይብራራ ሲቀር፣ በፈቃድ ሥርዓት ሰው ቤቱ ይቀራል፤ በግዴታ ሥርዓት ባዶ ወረቀት ያስገባል። ሁለቱም የአንድ ነገር ሁለት መልክ ናቸው።

እዚህ ላይ ክትትሉን የሚያስቸግር ነገር አለ። ማን እንደመጣና እንዳልመጣ ከፈረመበት መዝገብ ስለሚታወቅ የምርጫ አገልግሎቱ ተሳትፎን በዕድሜና በፆታ ለይቶ ማውጣት ይችላል፤ ወረቀቱ ምስጢር ስለሆነ ግን ባዶውን ወይም ዋጋ አልባውን ድምፅ ያስገባው የ19 ዓመት ወጣት ይሁን የ60 ዓመት ሰው ማወቅ አይቻልም። በፈቃድ ሥርዓት ውስጥ የወጣቱ መራቅ በየምርጫው በቁጥር ይወጣ ነበር። አሁን ያ መራቅ ካለ ያለው በሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ዕድሜው ግን አልተጻፈበትም።